ያልመነጠርሁት ጥሻ

ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ዛሬ የቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ የስሜ ቀን ነው። እኔ ወልደ ሚካኤል ዘገየ ከግዳን ደጋ ወርጄ ቆቦ ሜዳ ላይ ካረፍሁ ወር ሆነኝ። ይህን ደብተር የገዛሁት አራተኛ ክፍልን ስፈጽም፣ አምስተኛ ስገባ እጽፍበታለሁ ብዬ ነበር። አልገባሁም። ባዶውን ይዤው ከምዞር የሆነውን ሁሉ በሥርዓት ልጽፍበት፤ የተደረገልኝንም ደግነት እንዳልረሳ ይጠብቅልኝ።

አባቴ በሕይወት ሳለ ገብስ ጭኖ ወደ ቆላ ይወርድ፣ ማሽላ ጭኖ ይመለስ ነበር። በዚያ መንገድ የተወዳጃቸው ሰው ጋሽ ሙሀመድሰይድ ናቸው። ቤታቸው ከቆቦ ወደ ጎብዬ በሚወስደው መንገድ፣ ጎሊና ወንዝ አጠገብ ነው። በራቸው ላይ ቆሜ የማን ልጅ እንደሆንሁ ብናገር፣

«የዘገየ ልጅ? ታዲያ እንደ ቀራጭ ደጅ ምን አቆመህ! ግባ እንጂ!» አሉኝ።

ገባሁ፤ እስከ ዛሬም አልወጣሁም።

በአገሬ የአባቴ ማሳ ለአምስት ወንድማማቾች ተከፍሏል። ለእኔ የደረሰኝ ቁራጭ በሬ አያዞርም። ዳገቱም ተራቁቷል፤ ወይራው ለማገዶ አልቆ አሁን የምናነድደው ኩበት ነው። ስለዚህ ድርሻዬን ለታላቅ ወንድሜ ትቼለት መጣሁ። እናቴ ጥሩወርቅና ታናሽ እህቴ ጌጤ በእርሱ ቤት ተጠግተዋል። እርሱም የብዙ ልጆች አባት ነው። ስሰናበተው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «እስከ መስቀል ልያዛቸው፤ ከዚያ በኋላ አንተ ታውቃለህ» አለኝ። አልፈርድበትም። ነገር ግን ይህ ቃል እንቅልፍ ይነሳኛል። እስከ መስቀል የማርሰው መሬት ማግኘት አለብኝ።

ሰኔ ፲፱

እግዚአብሔር ይመስገን! ጋሽ ሙሀመድሰይድ ዛሬ ከቤታቸው በላይ ወዳለው ጥሻ ወሰዱኝ። ጥሻው በወንዙና በዋናው ቦይ መካከል ነው፤ ሾላው፣ ቁርቁራውና ግራሩ ተጠላልፎ ሰው ጎንበስ ካላለ አያልፍበትም። አባታቸው ለንቦችና ለጥጆች ብለው የተዉት ቦታ ነው።

«መንጥረህ እረሰው። ያንተ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ጥጆቹስ?»

«ጥጃ የትም ይውላል። አንተ ግን እናት አለችህ።»

ጉልበታቸውን ለመሳም ብጎነበስ ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ። እርሳቸው ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ ለሥራ አሰብ ወርደዋል። ሲመለሱ ምን እንደሚሉ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ አልጠየቅሁም።

በዚህ አገር ገበሬው ተስፋ የሚያደርገው በራሱ ሰማይ ሳይሆን ከደጋ በሚወርደው ጎርፍ ነው። ሰዎቹ በወንዙ ላይ ከቅርንጫፍና ከአፈር ግድብ ሠርተው ጎርፉን ወደ ቦዩ ያዞሩታል፤ ከቦዩ በየተራ ወደ ማሳቸው ይጠልፉታል። ተራ የሚሰጡት የጎርፍ ዳኛው አባ ታሂር ናቸው። ለግድቡ ቅርንጫፍ ያላመጣ፣ መሬቱንም ያልመነጠረና ያላረሰ ተራ አያገኝም። ዛሬ ማታ ጋሽ ይዘውኝ ሄደው ስሜን ነገሯቸው። አባ ታሂር ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከቱኝ።

«አንተ የብርድ ልጅ፣ ጸሐፊ ነህ አሉ። መጥረቢያስ ትይዛለህ?»

«ሁለቱንም እይዛለሁ አባ ታሂር።»

«በአንድ ጊዜ እንዳይሆን ብቻ!»

የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ተራ እንደምይዝ ቃል ሰጡኝ፤ ጎርፉ እስኪበረታ፣ ማለት እስከ ነሐሴ አጋማሽ፣ ጥሻውን ከጨረስሁ።

ሰኔ ፳፮

ከንጋት ጀምሮ ምንጠራ። አንድ ግራር ብቻውን ቀኑን በላው። መዳፌ ቆሰለ። የጋሽ ባለቤት እትዬ ኡሙሃኒ ቅቤ ቀቡልኝ፤ «እሾኹን አትቆጣው፣ ቀስ ብለህ ለምነው» እያሉ። ነገ እበረታለሁ።

ሐምሌ ፭

ዛሬ የአገሬ ሰው አያሌው ከሚስቱ ከበላይነሽና ከልጆቻቸው ጋር ወረደ። መንገዱ በሙሉ ሰው ነው አለኝ፤ አንዱ ድስት፣ ሌላው ቀንበር፣ ሌላው አሮጊት አዝሎ ወደ ቆላ ይጎርፋል። ለእርሱም ከቦዩ ራስ በታች ቁጥቋጦ የለበሰ መሬት ሰጡት። የዚህ አገር ሰው አይሰስትም።

ማታ አያሌው፣ «ወባውን አትፈሩም?» ብሎ ጋሽን ጠየቃቸው። እርሳቸውም የመንግሥት ሰዎች መጥተው ግድግዳውን ሁሉ መድኃኒት እንደረጩ፣ ከዚያ ወዲህ ከየቤቱ ወጥቶ የሚቀበር ሕፃን እንደቀነሰ ነገሩት።

«አልሀምዱሊላህ» አሉ፤ ቀጥለውም፣ «ድሮ አጥራችን ወባ ነበረች» ብለው ፈገግ አሉ።

አያሌው ሳቀ። እኔም አጥሩን ያፈረሰልንን አመሰገንሁ።

ሐምሌ ፰

ውሃ ልቀዳ ወርጄ ሁለት ሴቶች ሲነጋገሩ ሰማሁ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር።

«ዘንድሮ እንስራ ለመሙላት ወረፋ ሆነ እኮ!»

«ውሃውስ ይሁን፤ እንጨቱ! ከጓሮ እንለቅም የነበርን ሰዎች አሁን የአፋር ግመል እስከሚውልበት ድረስ።»

«ምን ይደረግ፣ እንግዳ ነው።»

«እንግዳማ ይሄዳል።»

የሚያወሩት ስለ እነ አያሌው መስሎኝ በቀስታ አለፍሁ። በሩቁ እንደ እህት ሰላም አሉኝ።

ሐምሌ ፲፪

ግድቡ ተፈጸመ። እንዲህ ያለ ደስታ ካገኘሁ ብዙ ጊዜዬ ነው።

የግድቡ ሥራ በነፍስ ወከፍ ነው፤ እያንዳንዱ ቅጠሉ ያልረገፈ ቅርንጫፍ ተሸክሞ ይመጣል። ዘንድሮ ግን እንግዳው ብዙ ስለሆነ ሸክሙም እጅግ በዛ። አባ ታሂር፣ «አምና ሰው አጥተን ሴቶች ለመንን፤ ዘንድሮ ቁሙ የምንለው ሰው በዛ» እያሉ ይሳለቁ ነበር። የወንዙ ዳርቻ እስከ ታችኛው መሻገሪያ ድረስ ተራቁቶ ታየኝ፤ በሚመጣው ዓመት ቅርንጫፍ ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ ግን የለም።

እኛ ደገኞቹ ቅርንጫፉ ብቻውን ልፍስፍስ ሆኖ አየነው። በአገራችን እርከን የምንክበው በድንጋይ ነውና እኔ አሳብ አቀረብሁ፤ በቅርንጫፉ መካከል ድንጋይ እንሰካ አልሁ። ሁሉም ተስማማ። ብዙ እጅ ስለነበረን በሦስት ቀን እንደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር የቆመ ግድብ ካብን። ጋሽ ሙሀመድሰይድ ማታ መጥተው ዞሩት፤ በእግራቸውም ገፋ ገፋ አደረጉት።

«ይህ እንኳ… በጣም ጠነከረ» አሉኝ።

ስለ ምስጋናቸው እጅ ነሣሁ።

ሐምሌ ፲፱

ብርድ። ከዚያ እሳት። የጋሽን ማሽላ ስጠብቅ ማማው ሥር አድሬ ነበር፤ መድኃኒት ባልተረጨበት። ንዳድ ነው አሉኝ። ጽሑፌ እንደ ሕፃን ጽሑፍ ሆነ። ጥሻው ገና እኩሌታው አልተነካም።

ሐምሌ ፳፰

መነሣት ጀመርሁ። መጥረቢያ ሳነሣ ግን ምድር ትዞርብኛለች። ዛሬ አንድ ሾላ ሥር ተቀምጬ ሳለ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ስነቃ ጥጆቹ ከብበውኝ ተኝተዋል። እንዴት ያለ ኀፍረት ነው! አያሌው የእርሱን ጨርሷል፤ አንድ ግንድ አላስቀረም፤ መሬቱ ከሩቅ እንደ ተላጨ ራስ ያበራል። በላይነሽ በመንገድ አግኝታኝ፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ አያሌው ይረዳሃል» አለችኝ። ረዳት የሚያሻው ሰው መሆኔ ራሱ አሳፈረኝ። እናቴ ይህን ብታይ ምን ትል? ሰነፍ አልነበርሁም።

ጋሽ አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ጠዋት ጠዋት ወተት ይልኩልኛል። ወተቱ ከእነዚያ ጥጆች እናቶች የታለበ ነው።

ነሐሴ ፯

ዛሬ የእስላሞቹ መውሊድ ነው፤ እኔ ደግሞ ፍልሰታን እጾማለሁ። በሬ ታርዶ መንደሩ በሙሉ ተሰብስቧል። ድግሱን እንዳላውክ ብዬ ወደ ጥሻው ሸሽቼ ነበር፤ እትዬ ኡሙሃኒ ሰው ልከው አስጠሩኝ።

«ምን አባቴ ሆኜ ነው በበዓል ቀን ልጄ ዱር የሚውለው?»

«እትዬ፣ ጾም ላይ ነኝ።»

«አውቃለሁ! እኔን ነው ጾም የምታስተምረኝ?»

ከቆቦ ገበያ የገዙትን አዲስ የሸክላ ድስት አሳዩኝ፤ ሥጋም ቅቤም ነክቶት አያውቅም። በእርሱ የሽምብራ ሽሮ ሠርተውልኛል። ድስቱ ከእንግዲህ የእኔ እንደሆነና በሌላ ወጥ እንደማይነካ በሁሉ ፊት ተናገሩ። ሽማግሌዎቹም ዱዓ ሲያደርጉ የእናቴን ስም ጠየቁኝ፤ «ጥሩወርቅን አላህ በሰላም ያምጣት» አሉ። እኔም አሜን አልሁ።

እንዲህ ያለውን ፍቅር በምን እመልሳለሁ?

ነሐሴ ፲፩

ትናንሽ ጎርፎች መጡ። ግድቡ አልተነቃነቀም። የሁሉም ማሳ ጠጣ። የእኔ ተራ አለፈ። አባ ታሂር በቦዩ ላይ ቆመው፣ «ምን ልታጠጣ ነው፣ ዝንጀሮ ነው የዘራኸው?» አሉኝ። ጋሽ በቀስታ፣ «ከርሞም ጎርፍ አለ» አሏቸው።

ከርሞ ጎርፍ አለ፤ መስቀል ግን ዘንድሮ ነው።

ነሐሴ ፲፬

እጄ ጭቃ ነው፤ ቢሆንም ዛሬውኑ መጻፍ አለብኝ።

ከቀትር በኋላ በእኛ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ በስተ ምዕራብ ተራራው ጠቆረ። ቀጥሎ ድምፁ መጣ። ወንዙ እንደ ሠራዊት ወረደ፤ ውሃው ቀይ ነው፤ ቀይነቱም የአገሬ አፈር ነው። ምናልባት ከአባቴ ማሳ የተጠረገ አለበት ብዬ አሰብሁ።

እንዲህ ያለ ጎርፍ ሲመጣ የቀድሞው ግድብ ይፈርሳል፤ ወንዙም በራሱ ሆድ ሄዶ ያልፋል፤ ሰዎቹ በማግሥቱ ቅርንጫፍ ተሸክመው እንደገና ይሠራሉ። ይህን ያወቅሁት ዛሬ ነው። እኛ የካብነው ግን አልፈረሰም። ወንዙ እንዳለ፣ ድንጋዩን እየነዳ፣ ወደ ቦዩ ዞረ።

አባ ታሂር ኩታቸውን ታጥቀው እየሮጡ መጡ። «ለምን አይፈርስም?» እያሉ ጮኹ። ወጣቶቹ ሊደርሱበት ሞክረው ውሃው መለሳቸው። «ማነው መሞት የማይችል ግድብ የሠራ?»

እኔ ድንጋዩን የሰካሁበትን ቦታ ከሩቅ ለይቼ አየሁት።

ቦዩ መጀመሪያ የተበጠሰው በአያሌው ማሳ በኩል ነው፤ የሚይዘው ሥር አልነበረም። በላይነሽ ልጆቿን ጎትታ ወደ ዳገቱ ወጣች። ከእርሷ ማሳ ቀጥሎ ያለው መንደሩ ነው። ጋሽ ሙሀመድሰይድ ያን ጊዜ፣

«ቦዩን በጥሻው በኩል ስበሩት! ዛፉ ያበርደዋል፤ ወደ ወንዙ ይመለሳል!» አሉ።

አባ ታሂር ግን እጃቸውን አነሡ። በዚህ አገር የባለቤቱን ቃል ሳይሰሙ በሰው መሬት ላይ ጎርፍ መልቀቅ ደም ያቃባል።

«ጥሻው የማነው?»

«ለልጁ ሰጥቼዋለሁ።»

«እንግዲያው ልጁ ይናገር! ወልደ ሚካኤል፣ ትፈቅዳለህ?»

አካፋ የያዘው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጎርፉ ከገባበት ጥሻው ድንጋይ እንደሚለብስ፣ ከእንግዲህም ማረሻ እንደማይገባው ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። እናቴ በዓይኔ መጣች፤ ጌጤም ከኋላዋ። አንድ ጊዜ ተነፈስሁ፤ ከዚያም፣

«ፈቅጃለሁ» አልሁ።

ቆፈርነው። ውሃው ወደ ጥሻው ሲገባ እንደ በሬ አጓራ፤ በሾላውና በቁርቁራው መካከል እየተሰነጠቀ፣ ድንጋዩን እያራገፈ፣ ደክሞ ወደ ወንዙ ተመለሰ። መንደሩ ተረፈ። አንድም ነፍስ አልጠፋም። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደግሜ እላለሁ፣ ይመስገን።

ያቺን አንዲት ትንፋሽ ግን አልረሳትም። በእርሷ ውስጥ የአያሌው ማሳ በጎርፉ ይጠፋ ነበር።

ነሐሴ ፲፯

ጾሙ ተፈታ። ከአያሌው ጋር ማሳውን አየን። እስከ ጉልበት ደለልና ጠጠር ነው። አያሌው አንድ ጠጠር አንሥቶ፣ «ይህን እንኳ በአገራችንም ነበረን» አለኝና ጣለው።

ሽማግሌዎቹ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በትልቁ ሾላ ሥር ተቀመጡ። ውሳኔያቸው ይህ ነው፤ በዚያ ጥሻ ከእንግዲህ መጥረቢያ አይገባም፤ የጎርፉ መተንፈሻ ይሆናል። በግድቡም ድንጋይ አይገባም። ድንጋዩን ማን እንዳመጣው አልጠየቁም። ሁሉም ያውቃል መሰለኝ።

አባ ታሂር ሲነሡ በምርኩዛቸው ነካ አደረጉኝ። «ንዳድህን አላህ ይባርካት! ጤነኛ ብትሆን ኖሮ ይሄኔ ሁላችንም ተጠርገን አፋር ገብተን ነበር።»

ሳቁ፤ ባረኩኝም። «ልጁስ?» ብለው የጠየቁት ጋሽ ሙሀመድሰይድ ብቻ ናቸው። «ልጁማ ወጣት ነው» ተባለ።

ነሐሴ ፳፬

መሬት የለኝም። እነ አያሌው የሚበሉት ከመንደሩ በሚዋጣ ማሽላ ነው። ወደ ዋጃ ሄጄ የቀን ሥራ ልፈልግ አስባለሁ። እናቴን ግን ወዴት?

ጥጆቹ ወደ ጥሻው ተመልሰዋል። ይህን በማየቴ ደስ አለኝ።

መስከረም ፫ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ሙሀመድሰይድ ወደ ማሳቸው ይዘውኝ ወጡ። ማሽላው ዳር ዳሩን ነው፤ መካከሉ ጎርፍ የጠጣ፣ ለሽምብራ የሚሆን ጥቁር መሬት ነው። ርስታቸው ይህ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። በመካከሉ ተራምደው ቆሙ፤ አንድ ካስማ ተከሉ።

«ከዚህ ወዲያ ያንተ።»

«ጋሼ፣ አይሆንም። ልጆችዎ ከአሰብ ሲመለሱስ?»

«እንጠጋጋለን።»

«ሌላም ሰው ቢመጣስ?»

ወደ ተራራው ተመለከቱ። «እርሱንም እንጠጋጋለታለን። ከዚያ በኋላ ደግሞ አላህ ያውቃል።»

እትዬ ኡሙሃኒ ከጓሮ ሆነው፣ «ስትጠጋጉ እኔን ወንዝ እንዳትከቱኝ!» ብለው ጮኹ። የዚያን ጊዜ የጋሽን ጉልበት ሳምሁ፤ መከልከልም አልቻሉም።

መስከረም ፱

ከገበያ የተመለሰ የአገሬ ሰው ወሬ ነገረኝ። እናቴና ጌጤ መንገድ ጀምረዋል። ታላቅ ወንድሜም ሁለት ልጆቹን አብሮ ልኳል፤ የጎረቤታችን ቤተሰብም ተከትሏቸዋል። ለጋሽ ለመናገር አፈርሁ፤ ሆኖም ነገርኋቸው።

«እንኳን ደህና መጡ ነዋ!» አሉ፤ ሲወጡ ግን ከበሩ ላይ ቆመው ማሳውን ረዘም አድርገው አዩት።

መስከረም ፲፬

እናቴ ዛሬ ማታ ትገባለች። እትዬ ኡሙሃኒ ድስቴን አጥበው ሰቅለዋል። ልቤ ምስጋናን መያዝ አልቻለም፤ ስለዚህ ማልጄ ወጥቼ የጋሽን በሬዎች ጠምጄ ድርሻዬን ማረስ ጀመርሁ።

ካስማው ጋ ስደርስ፣ «ዙር!» አልሁ። ትልቁ በሬ ቦራ አልዞረም። ዕድሜውን ሙሉ ያንን ማሳ ከዳር እስከ ዳር አርሷልና ድንበሩን አልፎ ወደ ጋሽ ድርሻ ገባ። ብጎትተው፣ ብለምነው፣ ቀንበሩን እንደያዘ ይሄዳል። ጋሽ ከማሽላው ዳር ቆመው ሳቁ።

«ተወው፣ ተወው! መካፈላችንን ገና አልሰማም!»

እኔም ከልቤ ሳቅሁ። መልሼ ጠመድሁት፤ ደግሞ አለፈ። ደግሞም ጎትቼ መለስሁት። እንዲህ እያልን ፀሐይ ከአናት ዘለቀች።

ከቀትር በኋላ ካስማው ጋ ስንደርስ፣ እኔ ምንም ሳልናገር፣ ቦራ ራሱ ዞረ።

ጋሽ አይተውት ነበር። የዚያን ጊዜ አልሳቁም።